«አንድ ለራሴ» የምትለው አያልነሽ

የዚያን ቅዳሜ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ስምንት ሰዎች ነበርን። ሦስቱ ሽማግሌዎች ደንበኛ ተራ በሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትልቅየው አቶ ፈንቴ መሀል ሆነው ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመዋል። ወይዘሮ እማዋይሽ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ መጋረጃው ጥግ ቆማለች። ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠችም። ስማቸው የሚባለው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ከመስታወት ሣጥኑ ጎን ሆኖ ቁልፉን በእጁ ያገላብጣል። የሟቹ ወንድም ቢያድግልኝ በሩ ላይ ነው፤ አንድ እግሩ ከውስጥ፣ አንድ እግሩ ከደጅ። እኔ ከመዝገቤ ኋላ ነበርኩ። አያልነሽ ጀርባዋን ለሁላችን ሰጥታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ፈርታለች። እንዳይታይባት ግን አልሞከረችም።

አያልነሽ ማረፏን የሰማሁት በቅርቡ ነው። ከጫግኒ የመጣች ዘመዷ መንገድ ላይ አግኝታ ነገረችኝ። ታማ ነበር፤ ብዙም አልተኛችም አለች። ሌላ አልጠየቅኳትም። ቤቴ ገብቼ ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ።

እንጅባራ ላይ ከዋናው መንገድ ዳር በነበረችው በዚያች ፎቶ ቤት አብረን አራት ዓመት ሠርተናል። እኔ ከትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ጡረታ ወጥቼ ነው የገባሁት። ሥራዬ የደንበኛ ስም መመዝገብ፣ የታተመውን ጉርድ ፎቶ መቁረጥና ፖስታ ውስጥ ማድረግ ነበር። ስማቸው ሠርግ ይቀርጻል። ቤት ውስጥ ፎቶ የምታነሳውም፣ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ የምትጠግነውም አያልነሽ ናት። ጥገናውን ማን እንዳስተማራት አንድ ቀን ብጠይቃት፣ «ማንም። እየፈራሁ ከፈትኩት፣ እየፈራሁ ገጠምኩት» አለችኝ።

አርባ ዓመት ያለፋት፣ ቀጠን ያለች ሴት ነበረች። እንደ እሷ የሚፈራ ሰው አላየሁም። መብረቅ ትፈራለች፤ የእንጅባራ ክረምት ደግሞ ያለ መብረቅ አይውልም። ፈረስ ትፈራለች፤ በአዊ ምድር ፈረስ የሚፈራ ሰው መሆን ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ የፎቶ ወረቀት ልንገዛ ዳንግላ አብረን ወረድን። እኔ ጋሪ ላይ ተሳፈርኩ፤ እሷ አልወጣም ብላ ካርቶኑን አቅፋ ከጋሪው ጎን ጎን ትሄድ ጀመር።

«እሜቴ፣ ይውጡ እንጂ! ፈረሱ እኮ እርስዎን እያየ ነው የሚደናበረው» አላት ባለጋሪው።

«እንግዲያው እኩል ነን። ሁለታችንም ጠንቀቅ እንበል» አለችው። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ካርቶኑን ግን እስከ መናኸሪያ ድረስ በእግሯ ተሸክማ ሄደች።

ሌላው ሰው የሚሸሽገውን እሷ ትናገረዋለች። «ፈርቻለሁ» ትላለች፣ ሌላው «ደክሞኛል» እንደሚለው። ከዚያ ወደ ፈራችው ነገር ትሄዳለች፣ ዝግ ብላ። ስትፈራ እጇ ይዘገያል። «ስፈራ መቸኮልን ነው የምፈራ» ትለኝ ነበር።

የመሬት ደብተር ይሰጣል ተብሎ የገጠሩ ሰው ፎቶ ሊነሳ በገፍ በወረደበት ሰሞን ቤታችን ከጠዋት እስከ ማታ ይሞላ ነበር። ባልም ሚስትም ለየብቻ ጉርድ ይነሳሉ። ብዙዎቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያ ፎቷቸው ነው፤ ትንፋሻቸውን ይዘው እንደ ምሰሶ ይቆማሉ። አያልነሽ ጉርዳቸውን ከጨረሰች በኋላ በአውንጊ ቋንቋ ታጫውታቸዋለች። ከዚያ «አሁን አንድ ለራሴ» ትልና ባልና ሚስቱን ጎን ለጎን አቁማ፣ ሳይዘጋጁ ታነሳቸዋለች። አንድ ብትልም ሦስትና አራት ነው የምታነሳ። አይታተምም፣ አይሸጥም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀራል።

ስማቸው ይቆጣል። «አያል፣ ዲስኩን በማይረባ ፊት ሞላሽው!»

«የማይረባው የማን ፊት ነው ጋሼ? ያሳዩኝና ላጥፋው።»

መጥቶ ያያል፤ ያይና ያይና «ተይው በቃ» ብሎ ይወጣል።

እማዋይሽ የመጣችው አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ባሏ ምኒችል ከሞተ ሦስት ወር ሆኖታል። ምኒችል ብዙ ዘመን በጫግኒ በኩል ቆላ ወርዶ ሲያርስ ኖሮ፣ እማዋይሽን ይዞ ወደ አባቱ አገር የተመለሰው ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ነበር። ሠርግ አልደገሱም፤ ልጅም አልወለዱም። የመሬት ደብተሩ ደግሞ ገና አልወጣም። ወንድሙ ቢያድግልኝ አሁን ተነስቶ «ቅጥር ሠራተኛው እንጂ ሚስቱ አይደለችም፤ ከመሬቱ ትውጣልኝ» ይላል። ጎረቤት እውነቱን ያውቃል፤ ግን ቢያድግልኝን ስለሚፈራ አላየሁም፣ አልሰማሁም ይላል። ሽማግሌዎቹ እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጥተዋታል። ቅዳሜ ማስረጃ ካላመጣች ከቤቷም ከእርሻዋም ትወጣለች፤ የምትገባበት ዘመድም የላት።

«ያቺ ሴትዮ ጎን ለጎን አቁማ አንስታን ነበር» አለች። አያልነሽን በጣቷ እያመለከተች ነበር።

መዝገቤን ገለጥኩ። ሁለቱም ስሞች፣ አንዱ ከአንዱ በታች፣ በራሴ እጅ ጽሕፈት ተጽፈው አገኘኋቸው። ደስ አለኝ። አያልነሽ ፎቶውን ልትከፍት ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ አለች። ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማነው። ቋ። ትንሽ ቆይቶ ቋ። እንደገና ቋ። ስክሪኑ ደርቆ ቀረ።

አያልነሽ ጆሮዋን የኮምፒውተሩ ሣጥን ላይ አደረገች። ስትነሳ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «ፈርቻለሁ» አለች።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር መጻፍ አለብኝ። ቤቴ ያለውን ቴሌቪዥንና ራዲዮ በዳንቴል አለብሳለሁ፤ ማንም ሴት ታለብሳለች። ለኮምፒውተሩ ሣጥንም ነጭ ዳንቴል ሠርቼ፣ የእንጅባራ እርጥበት እንዳይገባበት ከሥሩ ፕላስቲክ ሰፍቼ አልብሼው ነበር። ከጎንም ከኋላም ሸፍኖ የሚይዝ፣ የሚያምር ሥራ ነበር። አያልነሽ ሁለት ሦስት ጊዜ አውልቃው «እትዬ የሺ፣ ሲሠራ ይታፈናል፤ እፈራለሁ» ብላኛለች። እኔ የተለመደው ፍርሃቷ መሰለኝ። እሷ ስትወጣ መልሼ አለብሰው ነበር።

ዳንቴሉን ገፋ አድርጋ ብሎኑን ፈታች፤ ዲስኩን በጣቷ ነክታ ወዲያው ጣቷን ሰበሰበች። ግሏል። ፕላስቲኩ ከሣጥኑ ጀርባ ጋር ተጣብቋል። ዞር ብላ አየችኝ። ብዙ አላየችኝም።

ስማቸው ከጓሮ መጣ። «ምን ሆኖ ነው?»

«አርጅቷል ጋሼ» አለች። ዳንቴሉን አጣጥፋ፣ ስማቸው ዞር ሲል ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። ልናገር ነበር። አልተናገርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው ብላ ከዚያ አስረዳችን። ዲስኩ የፋይሎቹን ስምና ቦታ የያዘውን ክፍል ማንበብ አቅቶታል። የእማዋይሽን ፎቶ በስሙ ጠርቶ ማውጣት አይቻልም፤ ከመጀመሪያው እያነበቡ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ባዶ ዲስክ መገልበጥ ነው። ፍላሽ አይበቃውም። ዲስኩ ምን ያህል ሰዓት እንደሚቆይ አይታወቅም፤ እስኪያልቅ ሊቆይ ይችላል፣ አሁኑኑም ሊቆም ይችላል። ስለዚህ አዲሱ ዲስክ እስኪመጣ አጥፍታ ነቀለችው።

ስማቸው ባሕር ዳር ሄዶ ረቡዕ ከሰዓት ሁለት ዲስክ ይዞ ተመለሰ። ነጋዴው አንዱን መርጣችሁ ሌላውን መልሱ ብሎታል። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። አንዱ ከበድ ይላል፤ ሌላው ቀሎ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ነው።

«ይኼ ሃይብሪድ የሚሉት ነው» አለ ከባዱን እያነሳ። «አንድ ሺህ ጊጋ ይይዛል። ግማሹ የድሮው፣ ግማሹ አዲሱ ዓይነት። ሁለቱንም አገኘን ማለት ነው። ያኛው ሙሉ በሙሉ አዲሱ ዓይነት፣ ኤስ ኤስ ዲ የሚሉት ነው፤ መቶ ሃያ ጊጋ ብቻ። ዋጋቸው ደግሞ አንድ! ምኑ ይመረጣል?»

«ግማሹ አይደለም ጋሼ» አለች አያልነሽ። «በውስጡ ያለችው አዲሷ ክፍል ስምንት ጊጋ ብቻ ናት። ቁንጣሪ ናት።»

«ቁንጣሪዋስ ምን ትሠራለች?»

«በየቀኑ የሚከፈተውን እያየች ቅጂውን እሷ ዘንድ ታስቀምጣለች። ለዚያ ነው የሚፈጥን። ዓመት ሙሉ ማንም ያልከፈተው ግን ከሚሽከረከረው ሳህን ላይ ነው የሚኖር፤ ያው አሁን ከሚንቋቋው ዓይነት ሳህን ላይ። እነዚህን የገጠር ሰዎች ደግሞ በየቀኑ ማን ይከፍታቸዋል?»

«ኤስ ኤስ ዲው አይሞትም ነው የምትይኝ?»

«ይሞታል። እሱንም እፈራዋለሁ። ባለ ሳህኑ ቢያንስ ሲታመም ይጮሃል። ያኛው ድምፅ የለውም፤ አንድ ቀን ዝም ይላል በቃ። ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም። ይኼ ቤት ተሳቢ ባለፈ ቁጥር ሲንቀጠቀጥ እርስዎም ያዩታል።»

ስማቸው ያን ጊዜ እውነተኛውን ነገር አወጣው። «የሠርጉ ቪዲዮስ? መቶ ሃያ ውስጥ አይገባም።»

«አይገባም።»

«የስድስት ዓመት ሥራዬ ነው፣ አያል!»

«አውቃለሁ ጋሼ። ትልቁን ከገዙ ቪዲዮውም ይውጣ ይሉኛል። ዲስኩ ያን ያህል ዕድሜ የለውም፤ ቪዲዮ ሲያነብ ይሞትብናል። ሙሽሮቹ ሲዲያቸውን ወስደዋል፤ ሁሉም ቤቱ አለው። እነዚህ ግን ከእኛ ሌላ የላቸውም።» እማዋይሽም ዲስኩን ልትጠብቅ መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አያልነሽ ግን ወደ እሷ አላየችም፤ ሁለቱን ዲስኮች ነበር የምታይ።

«ፎቶውም ሳይወጣ ቢቀርስ? ሁለቱንም ካጣሁ በማን ነው?»

«በእኔ ነው» አለች።

ያን ቃል መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። መቁረጫውን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ስማቸው ሃይብሪዱን ወደ ካርቶኑ መለሰ።

ሐሙስ ጠዋት ጀመረች። እንዲህ ያለ ቀን ዳግም አያሳየኝ። ሣጥኑ ተከፍቶ፣ በሩም ብርድ እንዲገባ ተከፍቶ፣ ሩብ ሰዓት ታስነብበዋለች፤ ሲግል አጥፍታ ታሳርፈዋለች። ፊቶቹ ስም ሳይኖራቸው በቁጥር ብቻ ይወጣሉ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ መልካቸውን እለያለሁ። አንዳንዱ ሙሉ ይወጣል። አንዳንዱ ግንባሩ ድረስ ይመጣና ከዚያ በታች ግራጫ ይሆናል። ዓይን ያላቸው፣ አፍ የሌላቸው ሰዎች ተደርድረው ያዩናል። ባልየው ሙሉ ሆኖ ሚስትየዋ የጠፋችበትም አለ። አንድ ግራጫ በወጣ ቁጥር የእማዋይሽ ይሆን እያልኩ ወደ ስክሪኑ እጠጋለሁ። ከሰዓት መብራት ሄደ፤ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ባትሪ ሲያፏጭ አያልነሽ ሁለት እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አየር ላይ ያዘቻቸው።

«ለምን?» አልኳት።

«እንዳልቸኩል» አለችኝ፤ ከዚያ ቀስ ብላ አጠፋችው።

ዓርብ ረፋድ ላይ እማዋይሽና ምኒችል ወጡ። አራት ፎቶ፣ አራቱም ሙሉ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ዲስኩ አንድ ጊዜ ቋ ብሎ ዳግም አልተነሳም። ከሠርጉ አንድም አልወጣም። ስማቸው ደጅ ወጥቶ መንገድ ዳር ቆመ።

አያልነሽ አንዷን አትማ ለእማዋይሽ ሰጠቻት። እማዋይሽም በዚያው ቀን ሽማግሌዎቹ ዘንድ ወሰደቻት። ቢያድግልኝ ግን ሳቀ አሉ። «ፎቶ ቤት እኮ ነው! ኮት ለሌለው ኮት ያለብሳል፣ ከረባት ያስራል፤ ባል ለሌላት ባል መለጠፍ ያቅተዋል?» አለ። ያለው ሐሰት አልነበረም፤ በኮምፒውተር ኮት ማልበስ የየዕለት ሥራችን ነው። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው «ወረቀቱን ሳይሆን ማሽኑን ራሱን እናያለን» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ቢያድግልኝ መጣ። አልጮኸም። አያልነሽን በትሕትና ሰላም አላት። «የጫግኒ ልጅ ነሽ አሉ» አለ። «እዚህ እንግዲህ ብቻሽን ነሽ። ማታ በየት በኩል ነው የምትገቢ?»

አያልነሽ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረች። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ ገብተው ሲቀመጡ አያልነሽ ኮምፒውተሩን አበራችው። ምንም ድምፅ የለም። ስማቸው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ሠራ?» አለኝ። እኔም አላውቅም ነበር። ድምፅ የሌለው ነገር መኖሩም መሞቱም አይታወቅ። ስክሪኑ ሲበራ ተነፈስኩ።

«ልጄ» አሉ አቶ ፈንቴ፣ «እውነቱን ንገሪን። ኮት ታለብሳላችሁ ይባላል።»

«እናለብሳለን አያ ፈንቴ። እርስዎንም አልብሰናል።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ እሳቸው ዞሩ። «ያ ግድግዳህ ላይ የሰቀልከው ሰማያዊ ኮት? ከልጄ ተልኮልኝ ነው አላልክም?» አለ አንደኛው። አቶ ፈንቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቢያድግልኝ እንኳ ሊስቅ ደረሰ።

አያልነሽ አልሳቀችም። ከተረፉት መካከል የአቶ ፈንቴን ፎቶ ከፈተችና አንገታቸው ጋ አጉልታ አሳየቻቸው፤ ኮቱ ከቆዳው ጋር የተገናኘበት ጠርዝ በመቀስ እንደተቆረጠ ሆኖ ይታያል። «የተለጠፈ እንዲህ ነው» አለች። ከዚያ የእማዋይሽንና የምኒችልን አራት ፎቶ አንድ በአንድ ከፈተች።

በመጀመሪያው ሁለቱም ተራርቀው እንደ ምሰሶ ቆመዋል። በሁለተኛው እማዋይሽ ዞር ብላ የባሏን ኮሌታ አይታለች፤ ወደ ውስጥ ታጥፏል። በሦስተኛው እጇን አንገቱ ውስጥ አስገብታ ኮሌታውን ታወጣለች፤ ምኒችል ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ጨፍኗል። በአራተኛው ሁለቱም ወደ እኛ ያያሉ፤ የምኒችል አፍ ሊናገር ተከፍቷል።

«ምን እያለ ነው?» አሉ አቶ ፈንቴ።

አያልነሽ የምኒችልን አፍ በጣቷ አመለከተች። «‹ሰው ፊት እንኳ ተይኝ› አላት። አስቆኝ ነበር፤ ለዚያ ነው ካሜራው ትንሽ የተንቀሳቀሰ።»

እማዋይሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አቶ ፈንቴ ተነስተው ስክሪኑ አጠገብ ቆሙ፤ ሦስተኛውን ፎቶ መልሺልኝ አሉ። ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ።

«ቢያድግልኝ፣ ወንድምህን እኔም አውቀው ነበር። ኩሩ ሰው ነበር። ለአባትህ እንኳ አንገቱን ደፍቶ አላየሁም። ለዚች ሴት ደፍቶ ዓይኑን ጨፍኗል። ሚስቱ ናት። ቤቱም እርሻውም የእሷ ነው። እኔ ጨርሻለሁ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች በአውንጊ ጥቂት ተነጋገሩና እኛም ጨርሰናል አሉ። ወጡ። ቢያድግልኝ ለእነሱ ገለል ብሎ አሳለፋቸው፤ ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰ። አሁን ሁለቱም እግሩ ከውስጥ ነው። የሚያየው እማዋይሽን አልነበረም፤ አያልነሽን ነው።

እማዋይሽ ብቻዋን መውጣት ፈርታ መጋረጃውን ይዛለች። ስማቸው ወለሉን ያያል። ቢያድግልኝ ለእኔ መንገድ ይለቅ ነበር፤ ለአሮጊት ሴት ማንም ይለቃል። ተነስቼ ሁለቱን ከፊት ሆኜ ማውጣት እችል ነበር። ይህን በዚያች ሰዓት አውቅ ነበር፤ ዛሬ የመጣልኝ ሐሳብ አይደለም። አልተነሳሁም።

አያልነሽ ኮምፒውተሩን አጠፋች። ነጠላዋን አስተካከለች። የእማዋይሽን እጅ ከመጋረጃው ላይ አላቅቃ ያዘችውና ወደ በሩ ሄደች። ክንድ በሚያህል ርቀት ፊቱ ቆመች፤ ከደረቱ አትደርስም።

«አያ ቢያድግልኝ፣ ያሳልፉን» አለች።

እስከ አምስት የሚያስቆጥር ጊዜ ያህል አልተነቃነቀም። ከዚያ አንድ ትከሻውን ወደ ኋላ አደረገ። እሷ እማዋይሽን ከኋላዋ አድርጋ፣ በጎኗ በዚያች ጠባብ ክፍተት አልፋ፣ ደረጃውን ወርዳ መንገድ ዳር ወደቆሙት ባጃጆች ሄደች።